ቤትን ከእሳት የሚጠብቅ ግቢ፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ የትኛው ዓይነት ግቢ ይሻላል?

ግቢ ላሳምር ብላችሁ ከተነሳችሁ መካሪ አይጠፋም። ችግኝ የሚሸጠው ልጅ ጥድ ይላችኋል፣ ዘመድ ጠጠር አፍስሱበት ይላል፣ ቴሌግራም ላይ ሰው ሰራሽ ሳር በካሬ ይሸጣል፣ ጎረቤት ደግሞ በቃ ሙሉውን ሲሚንቶ አርጉትና ተገላገሉ ይላል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ማማርና ስለ ዋጋ ነው። እሳት ቢነሳ የትኛው ግቢ ቤቱን ያተርፋል፣ የትኛው ደግሞ እሳቱን በር ድረስ ያደርሰዋል የሚለውን ግን የሚያነሳ ሰው የለም። እኔን ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም መሃል ከተማ ላይ ቤቶቻችን ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ናቸው፣ ብዙዎቹ ጭቃና እንጨት ናቸው፣ አጥራችንም ብዙ ጊዜ የሚነድ ነገር ነው።

ስለዚህ አምስት ዓይነት ግቢ ላነጻጽርላችሁ ነው። የሱቅም የችግኝ ጣቢያም ስም አልጠራም። ዋጋም በብር አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሰራም፣ ርካሽ መካከለኛ ውድ እያልኩ ነው የማልፈው።

መጀመሪያ እሳቱ እንዴት ቤት እንደሚገባ

ሰደድ እሳት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ ነበልባል ጫካውን እየበላ መጥቶ ቤቱን ሲውጠው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ አይደለም። ብዙ ቤት የሚያቃጥለው በንፋስ የሚበር ፍም ነው። ፍሙ ከዋናው እሳት ቀድሞ ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከኪሎሜትር በላይ ይበርና ደረቅ ነገር ያገኘበት ያርፋል፤ አሽንዳ ውስጥ፣ ግድግዳ ስር፣ በረንዳ ጥግ፣ በጣራና በግድግዳ መሃል ባለች ክፍተት። እዛ ቀስ ብሎ ይያያዛል፣ ሰው ሳያየው።

ጃክ ኮኸን የሚባል የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ይሄን ነገር ለብዙ ዓመት አጥንቶታል። ካናዳ ውስጥ በተደረገ የሙከራ ቃጠሎ የእንጨት ግድግዳዎችን ከሚነደው ጫካ በተለያየ ርቀት አቁመው ሲያዩ 10 ሜትር ላይ ከነበሩት የተያያዙ ነበሩ፣ 30 ሜትር ላይ ያሉት ግን አልነደዱም። ማለት የቤቱን ዕጣ የሚወስነው ቤቱ ራሱና ዙሪያው ያለው ጥቂት ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ ስትቃጠል 85 ሰው ሞቷል፣ ከ18,000 በላይ ቤትና ህንጻ ወድሟል። ከዛ በኋላ የተነሱትን ፎቶዎች ብታዩ ቤቱ አመድ ሆኖ አጠገቡ ያለው ዛፍ አረንጓዴ ቅጠሉን እንደያዘ ቆሞ የሚታይበት ቦታ ብዙ ነው። በ2020 ደግሞ ካሊፎርኒያ ለእሳት በተጋለጡ አካባቢዎች ከግድግዳ ዙሪያ ያለው የመጀመሪያው 1.5 ሜትር የሚነድ ነገር እንዳይኖርበት የሚያደርግ ህግ አወጣች። ይቺን 1.5 ሜትር ያዙልኝ፣ ከታች ደጋግሜ ነው የምመለስባት።

እኛን ምን አገባን የሚል ካለ እንጦጦ አለላችሁ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬም ተራራውን እንደያዘ ነው፣ ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ የሚንጠለጠል፣ ቅጠሉ ዘይት ያለው፣ ቅርፊቱ ከተያያዘ በንፋስ ርቆ የሚሄድ ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ላይ 25 ሰው በሞተበትና በ2017 ፖርቱጋል ፔድሮጋኦ ግራንዴ ላይ 66 ሰው በሞተበት እሳት ውስጥ ሁለቱም ጋ ባሕር ዛፍ ነበረበት። እኛም በ2011 ዓ.ም የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ከውጭ ሀገር ሳይቀር የእሳት አጥፊ ድጋፍ እስኪመጣ ድረስ ስንጨነቅ አይተነዋል።

ሽሮ ሜዳ ጫፍ ላይ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀጥታ የሱ ጉዳይ ነው። እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል፣ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ይባላል፣ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ይዘገያል፣ ከተማው ከተራራው በታች መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፣ ግን በንፋስ የሚመጣ ፍም ዳገት ቁልቁለት አያውቅም። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፈረንሳይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ፍሙ ከእንጦጦ ባይመጣ ከጎረቤት ማድ ቤት ይመጣል፣ ቅርንጫፍ ከነካው የመብራት ገመድ ይመጣል። ጥቅምት 2017 ዓ.ም መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ያየ ሰው እሳት ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ አስረጂ አያስፈልገውም። ፍም ከየትም ይምጣ ካረፈ በኋላ የሚያደርገው ያው ነው።

በምን እንመዝን

ግቢዎቹን የማያቸው በነዚህ ነገሮች ነው። አንደኛና ዋናው፣ ፍም ቢያርፍበት ምን ይሆናል? እዚህ ላይ የማይነድ ተክል የሚባል ነገር እንደሌለ እወቁ፣ ያለው ቶሎ የሚያያዝና ቶሎ የማይያያዝ ነው፣ እሱም ቢሆን ውሃ ካገኘና ደረቁ ከተለቀመለት ብቻ። ሁለተኛ፣ በጋ ላይ ምን ያህል ውሃ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር እሳት የሚያሰጋበት ወርና ቧንቧ የሚደርቅበት ወር አንድ ነው። ሦስተኛ፣ ማን ነው የሚንከባከበው፣ አትክልተኛ በወር አንዴ የሚመጣለት ቤትና እማማ ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት አንድ ዓይነት ግቢ ሊኖራቸው አይችልም። አራተኛ፣ ውበትና ጥላ፣ ይሄን ቀላል አታርጉት፣ የማያምር ግቢ ማንም አይንከባከበውም። ከዛ የመነሻ ወጪና ክረምት ላይ ዝናቡን ወደ መሬት ያሰርጋል ወይስ ወደ ጎረቤት ይለቀዋል የሚለው።

1. የጥድ አጥርና ሳር

የድሮ ቪላ ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው ይሄ ነው። ዙሪያውን የፈረንጅ ጥድ በመቀስ ተስተካክሎ፣ መሃሉ ሳር። ያምራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከመንገድ ዓይን ይከልላል፣ ችግኙም ርካሽ ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርጉ። ወደ አጥሩ ተጠጉና በሁለት እጃችሁ ቅጠሉን ግለጡት። አረንጓዴው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ከዛ ወዲያ ያለው ሁሉ ቡናማ ነው፤ የሞተ ቅርንጫፍ፣ በጣት ሲነካ ዱቄት ሆኖ የሚረግፍ ቅጠል፣ መሃሉ ላይ የተሰካ ፌስታል፣ ከመንገድ የተወረወረ የሲጋራ ቁራጭ። ለከሰል ማያያዣ የምትለቅሙት ጭራሮ ማለት ነው፣ በዛ ላይ ሙጫ ያለው። የሚያሳዝነው ደግሞ ይሄ የቸልተኛ ሰው አጥር አለመሆኑ ነው፣ በየጊዜው ሲከረከም ላዩ እየደፈነ ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም፣ ብርሃን ያጣው ውስጡ ይሞታል፣ ስለዚህ በደንብ የተከረከመው ጥድ ነው ውስጡ ይበልጥ የደረቀው። ቡናማው ድረስ ቆርጬ እንደገና ላድሰው ብትሉም አይሆንም፣ ጥድ ከደረቀው እንጨቱ ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም።

ጥዱ ከቤቱ ጥግ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መንገድ ዳር የተያያዘ እሳት አጥሩን ይዞ ግድግዳው ድረስ ይሄዳል። የቀርከሃና የእንጨት አጥርም እንደዛው።

ለዓመታት ያሳደግነውን እንዴት እንነቅላለን ለምትሉ፣ ይገባኛል፣ ሁሉንም መንቀል አያስፈልግም። ከቤቱ ጋር ከሚገናኝበት ጫፍ ቢያንስ ሦስት ሜትር ያህሉን አውጡና በብሎኬት ወይም በድንጋይ ወይም በብረት ተኩት። የቀረውን ከስር ጥረጉት፣ ውስጡን ቆሻሻ ልቀሙለት። ትልቅ የሐበሻ ጥድ ካላችሁ ግን እሱን እንዳትነኩት፣ የታች ቅርንጫፉን ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ድረስ አስመልምሉና ስሩ ቁጥቋጦ አታስቀምጡ፣ እሳት መሬት ላይ ከጀመረ ወደ ላይ የሚወጣው በነዚህ ደረጃዎች ነውና። ማስቆረጥ የግድ ከሆነ ወረዳ ጠይቁ።

ሳሩ ጋ ስንመጣ፣ እርጥብ ሆኖ ከ10 ሳንቲሜትር በታች ከታጨደ ጥሩ ነው። ውሃው ነው ችግሩ። በጋ ላይ አንድ ካሬ ሳር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በቀን በግምት ከ3 እስከ 4 ሊትር ይፈልጋል፣ 50 ካሬ ከሆነ 150 እስከ 200 ሊትር በቀን ማለት ነው፣ ፈረቃ ላይ ያለ ቤት ይሄን ከየት ያመጣል? ሰርዶ ከሆነ ግን ሲጠማው ይጠወልግና ይጠብቃል፣ ሥሩ አይሞትም። ቢጫ ይሁን ተዉት፣ አጭር አድርጋችሁ እጨዱት፣ ከግድግዳው ራቅ ካለ አጭር ደረቅ ሳር ቢነድ እንኳን ነበልባሉ ዝቅ ያለ ነው።

2. ድንጋይ፣ ጠጠርና እሬት

አሁን አሁን አዳዲስ ቤቶች ጋ የሚታየው ነው። መሬቱ ጠጠር ወይም ገረጋንቲ ወይም ኮብልስቶን፣ በመሃል በመሃሉ እሬትና ሌሎች ቅጠለ ወፍራም ተክሎች። በእሳት በኩል ከአምስቱ አንደኛ የምሰጠው ለዚህ ነው። ጠጠር አይነድም፣ እሬት ቅጠሉ ውሃ የያዘ ነው፣ ውሃም ቢሆን በጋውን በትንሽ ነገር ያልፋል። ያ 1.5 ሜትር ደግሞ በዚህ ዓይነት ግቢ በራሱ የተሟላ ነው።

ጠጠሩ መሃል ቅጠል ከገባ ግን መጥረግ ያስቸግራል፣ በመጥረጊያ አይወጣም፣ በእጅ ነው የሚለቀመው። ከላያችሁ ግራቪሊያ ወይም ባሕር ዛፍ የሚያራግፍ ጎረቤት ካላችሁ ይሄን አስቡበት፣ በዛ ሁኔታ ላይ ኮብልስቶን ይሻላል ምክንያቱም ይጠረጋል። እሬቱም ከስሩ የደረቀ ቅጠሉን ይዞ ስለሚቆይ በዓመት አንድ ሁለቴ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ቁልቋል የምትጨምሩ ከሆነ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው፣ ልጆች የሚጫወቱበት ጋ አይሁን።

ሌላው ነገር ሙሉ ግቢው ጠጠር ሲሆን እኩለ ቀን ላይ ይሞቃል፣ ጥላም የለም፣ እኔ በበኩሌ ቁጭ ብዬ ቡና የምጠጣበት ግቢ አይመስለኝም። ለዚህ ነው ሙሉውን ሳይሆን ቤቱን ዙሪያውን በጠጠር አድርጋችሁ ሌላውን በአራተኛው አማራጭ ብትሞሉት የምለው። የመነሻ ወጪው ከመካከለኛ እስከ ውድ ነው፣ ድንጋይና ጉልበት ነው የሚበላው፣ ከዛ በኋላ ግን ብዙም አያስወጣም።

3. የጓሮ አትክልት ግቢ

ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጌሾ፣ ኮባ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ከቻላችሁ ሁለት ሦስት ግንድ ቡና። ይሄን የሚወድ ሰው ይበዛል፣ ልክም ነው፣ ግቢ መብል ሲሰጥ ሰው በየቀኑ ይወጣል ያያል ይለቅማል፣ በየቀኑ የሚታይ ግቢ ውስጥ ደግሞ ደረቅ ነገር አይከማችም። ጎመንና ቃሪያ እርጥብ ናቸው፣ መሬታቸውም የተቆፈረና እርጥብ ስለሆነ ፍም ቢያርፍበት ይጠፋል።

ኮባ ጋ ትንሽ ልቆይ። ኮባ ግንዱም ቅጠሉም ውሃ የተሞላ ነው፣ ከጎረቤት አጥር በኩል ሙቀት ቢመጣ ጥሩ መጋረጃ ነው። ግን የታች ቅጠሎቹ ሲያረጁ አይወድቁም፣ ደርቀው ግንዱ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ ጥር ላይ ብትነኩት ይንኮሻኮሻል። እሱን ገንጥሎ ማውጣት ነው። ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠል የሚቆርጥ ሰው ያለበት ቤት ኮባው ሁሌም ንጹህ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ ግቢ ውስጥ የምጠራጠራቸው ሁለት ተክሎች አሉ፣ የጥብስ ቅጠልና ጠጅ ሳር። ሁለቱም ዘይት ያላቸው ናቸው፣ ሽታቸውን የምንወደው እሱ ዘይት ነው። የጥብስ ቅጠል ሲያረጅ ውስጡ እንጨት ይሆናል፣ ጠጅ ሳር ደግሞ ከስሩ ደረቅ ገለባ ያከማቻል። አትትከሉ አልልም፣ በመስኮት ስርና በማድ ቤት ግድግዳ ስር አትትከሉ፣ ራቅ አድርጉና በየጊዜው ቁረጡት።

ሌላ ደግሞ መሬቱ እርጥበት እንዲይዝ ብላችሁ ገለባ ወይም ሰጋቱራ የምታለብሱ ከሆነ እሱን ግድግዳ አጠገብ አታድርጉ። ሰጋቱራ ውስጥ የገባ ፍም ሳይታይ ለሰዓታት ይጨሳል። ግድግዳ አጠገብ ያለውን በደንብ በበሰበሰ ኮምፖስት አልብሱት።

ውሃው ከሳር ያነሰ ቢሆንም በየቀኑ ነው የሚፈልገው። የልብስ እጣቢ በረኪና ከሌለበት ለኮባና ለጌሾ ይሆናል፣ ለጎመን ግን ንጹህ ውሃ ስጡት። የመነሻ ወጪው ከሁሉም ርካሽ ነው፣ የሚፈልገው ሰው ነው።

4. የሀገር በቀል ቁጥቋጦ በደሴት በደሴት

እኔ ሰፋ ያለ ግቢ ላለው ሰው በልቤ የያዝኩት ይሄን ነው። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ተክሎቹን በአንድ ወጥ መስመር ከማስኬድ ይልቅ እዚህ አንድ ክምችት እዛ አንድ ክምችት ታደርጋላችሁ፣ በመካከላቸው የድንጋይ መንገድ ወይም አጭር ሰርዶ ይገባል። አንዱ ቢያያዝ ወደ ሌላው አይዘልም። ዛፍ ስር ቁጥቋጦ ካለ ከቁጥቋጦው ጫፍ እስከ ዛፉ የታች ቅርንጫፍ ድረስ የቁጥቋጦውን ቁመት ሦስት እጥፍ የሚያህል ክፍተት ይተው ይላሉ ባለሙያዎቹ፣ አንድ ሜትር ጌሾ ከሆነ ሦስት ሜትር ማለት ነው።

ለአጥር ጥዱን የሚተካ ምን አለ ላላችሁኝ፣ ሰንሰል አለ። ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይይዛል፣ ማለት ከጎረቤት በነጻ ይገኛል፣ ቅጠሉ ለስላሳና አረንጓዴ ነው፣ ነጭ አበባው ላይ ንብ አይጠፋም። በደንብ ሲቆረጥ ከስሩ ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ሲያረጅ ማደስ ይቻላል፣ ጥድ ይሄን አይችልም። ጥበቃ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኮሽም ወይም አጋም ይትከል፣ እሾሃቸው ሌባ አያስገባም፣ ፍሬያቸውን ልጆችም ወፎችም ይበሉታል። ያላቸው ችግር ቀስ ብለው ማደጋቸው ነው፣ አጥር እስኪሆኑ ጥቂት ዓመት ታግሳችሁ በሽቦ መቆየት አለባችሁ። ግራዋም ጥሩ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ለጋኑም ማጠቢያ ይሆናል።

ቡገንቪላን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አበባው አንደኛ ነው፣ ውሃም አያስቸግርም፣ ግን ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ሲተኛ ውስጡ ይደርቃል፣ የረገፈው አበባ ደግሞ ወረቀት ሆኖ አሽንዳውን ይሞላዋል። አጥር ላይ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ ጣራ ላይ አታውጡት።

ይሄ ግቢ በጋ ላይ ውሃ የሚፈልገው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፣ ከዛ ሥሩ ይወርዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡን ይጠጣል። ወጪው ከርካሽ እስከ መካከለኛ፣ ጥላና ወፍ ከፈለጋችሁ ከአምስቱ የሚያክለው የለም።

5. ሲሚንቶ፣ ማሰሮና ሰው ሰራሽ ሳር

ባዶ ሲሚንቶ አይነድም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ክረምት ላይ ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ቤት ይገባል፣ ይሞቃል፣ አያምርም። ተክል የያዘ ማሰሮ ከተጨመረበት ይሻሻላል፣ የሸክላ ማሰሮ እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፣ ከመስኮት ስርም ፈቀቅ ይበል።

ሰው ሰራሽ ሳር ላይ ግልጽ ልሁን፣ ፕላስቲክ ነው። ከምድጃ የወደቀች አንዲት ከሰል ታቀልጠዋለች፣ ከተያያዘ ጭሱ መርዛም ነው። ቡና የምታፈሉበትና ስጋ የምትጠብሱበት ግቢ ላይ፣ ከዛም አልፎ እስከ ግድግዳው ድረስ አስጠግቶ ማንጠፍ ለኔ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ግቢ | ፍም ቢያርፍበት | የበጋ ውሃ | እንክብካቤ | ውበትና ጥላ | የክረምት ውሃ | መነሻ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጥድ አጥርና ሳር | አጥሩ አደገኛ፣ እርጥብ ሳር ደህና | በጣም ብዙ | ብዙ | በጣም ጥሩ | ያሰርጋል | ርካሽ |
| ጠጠርና እሬት | በጣም ጥሩ | ትንሽ | ትንሽ፣ ቅጠል መልቀም | ያምራል፣ ጥላ የለውም | ያሰርጋል | መካከለኛ እስከ ውድ |
| ጓሮ አትክልት | ጥሩ፣ ደረቁ ከተለቀመ | መካከለኛ፣ በየቀኑ | በየቀኑ | ጥሩ | ያሰርጋል | በጣም ርካሽ |
| ቁጥቋጦ በደሴት | ጥሩ፣ ክፍተቱ ከተጠበቀ | መጀመሪያ ብዙ፣ ኋላ ትንሽ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በደንብ ያሰርጋል | ርካሽ እስከ መካከለኛ |
| ሲሚንቶና ማሰሮ | ጥሩ | ትንሽ | ትንሽ | ደካማ | ይለቀዋል | ውድ |
| ሰው ሰራሽ ሳር | መጥፎ | የለም | ትንሽ | ከሩቅ ያምራል | እንደ ስሩ ነው | ውድ |

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ ብር የሚወጣበት

ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ያቺን 1.5 ሜትር አጽዱ። ግድግዳ ላይ የተደገፈ ማገዶ፣ ካርቶን፣ አሮጌ ፍራሽ፣ ከጣራ የተረፈ ሞራሌ፣ ሁሉም ይውጣ። ጠጠር መግዛት ካልተቻለ ባዶ የተጠረገ መሬት ይበቃል፣ እሱ ነጻ ነው። የቡታጋዝ ሲሊንደር ውጭ የምታስቀምጡ ከሆነ ሦስት ሜትር ዙሪያውን የሚነድ ነገር አይኑር።

ከዛ መሰላል አውጡና አሽንዳውን እዩት። ቆርቆሮ አይነድም ብለን እንተማመናለን፣ ግን አሽንዳው ውስጥ ያለው ቅጠል ይነዳል፣ ነበልባሉም ከቆርቆሮው ስር ባለው እንጨት በኩል ወደ ኮርኒስ ይገባል። በድሮዎቹ ቤቶች ኮርኒሱ አቡጀዴ የሆነበት ብዙ ነው፣ አንዴ ከገባ የሚያቆመው ነገር የለም። በጣራና በግድግዳ መሃል ያለውን ክፍተት ቀዳዳው 3 ሚሊሜትር በሆነ የብረት ወንፊት ሸፍኑት፣ አየር ያስገባል ፍም ግን አያስገባም። ይሄ ሥራ ከማንኛውም ተክል የበለጠ ቤት ያተርፋል።

አመድም አለ። የምድጃ አመድ ጠዋት ቀዝቅዟል ብሎ ጥድ ስር መድፋት የብዙ ቤት ልማድ ነው፣ አመድ ውስጥ ግን ፍም ከአንድ ቀን በላይ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት ወይ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዛ ለጎመኑ ይሆናል። መብራት ገመድ የነካ ቅርንጫፍ ካያችሁ ራሳችሁ አትቁረጡ፣ መብራት ኃይል አስጠሩ። የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፣ በር ላይ ጻፉት።

ለማን የትኛው

የቀበሌ ቤት፣ ግቢው የጋራ፣ ብር የለም፦ ግድግዳ ዙሪያውን ባዶ አድርጉ፣ የቀረችው ቦታ ላይ ጎመንና ጤና አዳም ትከሉ፣ አንድ ኮባ ማድ ቤቱና ቤቱ መሃል ትሁን። ዋናው ሥራ ግን ከጎረቤት ጋር ነው። የናንተ 1.5 ሜትር የጎረቤት ማገዶ ማስቀመጫ ከሆነ ብቻችሁን ያጸዳችሁት ብዙ አይጠቅምም፣ እድር ላይ ወይ ቡና ላይ አንሱት፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ በዕቃ መዘጋቱንም አብራችሁ አንሱት።

ሰፊ የድሮ ግቢ፣ ጥድ አጥር ያለው፦ ዘንድሮ ከቤቱ የሚገናኘውን ጫፍ ቁረጡ፣ በሚቀጥለው ክረምት ከውስጥ በኩል ሰንሰል ወይም ኮሽም ትከሉ፣ እሱ ሲደርስ ጥዱን በየተራ አውጡ። ሳሩን ግማሹን ወደ ደሴት ቀይሩት። ብር ካላችሁ ቤቱን ዙሪያውን ኮብልስቶን አስነጥፉት።

እንጦጦ ስር፣ ባሕር ዛፍ ያጠገባችሁ፦ ሁለተኛውና አራተኛው ተደባልቆ፣ ሌላ አማራጭ አልሰጥም። ቤቱ ዙሪያ ጠጠር ወይም ድንጋይ፣ እስከ 9 ሜትር ድረስ ተለያይተው የቆሙ ቁጥቋጦዎች፣ ከጣራው ሦስት ሜትር ውስጥ የሚገባ ቅርንጫፍ አይኑር። አሽንዳ ከጥር እስከ ግንቦት በየሳምንቱ ይታይ።

ብቻውን የሚኖር አዛውንት ወይም ባለቤቶቹ ውጭ ሀገር ያሉበት ቤት፦ ጠጠርና እሬት፣ ሁለት ሰንሰል፣ በቃ። ለነዚህ ቤቶች ሳር አታስቡ፣ ያልታጨደና የደረቀ ሳር የከፋ ነው።

ተከራይ የሆናችሁና ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፦ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እሬት፣ በረንዳ ላይ ካርቶንና ከሰል አታከማቹ፣ ሲሚንቶውን ባዶውን ተዉት።

ሮቶ ለሚያስቡ አንድ ነገር፦ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ጣራ ላይ አንድ ሊትር ነው፣ ስለዚህ 50 ካሬ ጣራ ላይ አንድ የሐምሌ 20 ሚሊሜትር ዝናብ እስከ 1,000 ሊትር ይሰጣል። ክረምት ላይ ቶሎ ይሞላል፣ እስከ የካቲት ግን ለሳር አይደርስም። ከሞላ በኋላ ዘግታችሁ ለአዳዲስ ችግኞችና ለክፉ ቀን አቆዩት።

መቼ

መስከረም 16 ማታ ችቦ ስናበራ ሳሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ማንም አይፈራም፣ ያው ፍም ጥር ላይ ቢወድቅ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ መከርከሙና መመልመሉ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይለቅ። አጥር ማውጣት፣ ጠጠርና ድንጋይ ማንጠፍ በጋውን ይሠራል፣ መኪናም ግቢ ይገባል። ጉድጓድ ግንቦት ላይ ይቆፈር፣ ችግኝ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይተከል። ችግኝ ስትገዙ ፌስታሉን ከስር ገልብጣችሁ እዩ፣ ሥሩ ተጠማዞ ፌስታሉን የሞላውን ተዉት፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ ግንዱ የወፈረውን ውሰዱ።